«አላውቀውም፣ አልበላም» ለሚል ልጅ

ለዚህ ዕትም ከወሎ ከተሞች የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፦ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ከለመደው ውጭ ምንም አልቀምስም ይላል። ሰባቱን መርጠን መልሰናል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የሰጠነው መልስ ይረዝማል፤ የቀሩት በእነዚያ ላይ ስለሚቆሙ ከእነሱ ቢጀመር ይሻላል።

«ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 1ኛ ክፍል ገባ። ሽሮ በእንጀራ ወይም ሻይ በዳቦ ካልሆነ አይበላም። ካሮትም፣ ቆስጣም፣ ዱባም ሞከርኩለት፤ አፉ ውስጥ እንደገባ ይተፋዋል። ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ ‹ከበላህ ከረሜላ እገዛልሃለሁ› አልኩት። በግድም አጎረስኩት። አሞላቅቄው ይሆን?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ

አላሞላቀቁትም። ልጆች የማያውቁትን ምግብ መፍራታቸው ተፈጥሯዊ ጠባይ ነው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበረታል፤ በብዙዎቹ ላይ ትምህርት ቤት ከገቡም በኋላ ይቆያል። ምሬትንም ከእኛ አጉልተው ይቀምሳሉ፤ ለእርስዎ ምንም ያላለዎት ቆስጣ እሱን እንደ ግራዋ ሊመረው ይችላል። ስለዚህ የሚያዋጣው ማለማመድ ነው፤ ቁጣና ልመና እዚህ ቦታ የላቸውም።

ማለማመድ ማለት መደጋገም ነው። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪቀበል አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ይኖርበታል። እናት ግን በሦስተኛው ቀን ተስፋ ትቆርጣለች፤ ካሮቱን ትታ ወደ ቆስጣ፣ ቆስጣውን ትታ ወደ ዱባ ትሄዳለች። ልጁ ሦስቱንም እንደ መንገደኛ አያቸው እንጂ ከአንዱም ጋር አልተላመደም። እርስዎ ቤት የሆነውም ይኸው ይመስለናል።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይያዙ። እኛ ካሮትን እንመርጣለን፤ ጣፋጭ ስለሆነ መንገዱ ያጥራል። አንድ መካከለኛ ካሮት ይላጡና በእርሳስ ውፍረት፣ በትንሽ ጣትዎ ርዝመት ይክተፉት። ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምረው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያብስሉት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቆላ ያለች እህትዎ የነገረችዎት ደቂቃ እርስዎ ቤት አይበቃም። ሹካ ሲወጉት የሚገባ፣ ሲያነሱት ግን የማይፈርስ ይሁን። ልጆች ከጣዕሙ አስቀድመው የሚጠሉት መላሸቁን ነው፤ ብዙ ካሮት የሚተፋውም ከመጠን በላይ በመቀቀሉ ነው። ውሃውን ያጥልሉና ቁንጥር ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት ያድርጉበት። ዘይቱን አይተዉት፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውና ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጠው ቤታ ካሮቲን ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው ስብ ሲኖር ነው።

ቀጥሎ ትሪው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ካሮቱን በልጁ በኩል አያድርጉት። በአባቱ ወይም በሌላው ልጅዎ በኩል ያድርጉትና እነሱ ሲበሉት ይመልከት። ማንም «አንተስ?» አይበለው። ከሽሮው ጋር እንዳይነካካም ይጠንቀቁ፤ የካሮቱ ውሃ ወደ ሽሮው ከፈሰሰ ሽሮውንም ይተወዋል። በአራተኛው ቀን አንድ ፍሬ፣ አንድ ብቻ፣ በእሱ በኩል ከእንጀራው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ። ሰዓቱ ከትምህርት ቤት እንደመጣ፣ ርቦት ሳለ፣ ሽሮው ከመውጣቱ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢሆን ጥሩ ነው። «ቅመሰው፤ ካልተስማማህ እዚህ ትፋው» ይበሉና ሶፍት አጠገቡ ያድርጉ። መትፋት እንደሚችል ያወቀ ልጅ ለመቅመስ ይደፍራል። ያሸተዋል፣ በጣቱ ይገፋዋል፣ ጫፉን ይልሳል፣ ነክሶ ይተፋል፤ እነዚህ ሁሉ ወደ መዋጥ የሚያደርሱ ደረጃዎች ናቸው። ፊቱን ቢያጨማድድም አይደንግጡ፤ አዲስ ጣዕም የነካው ልጅ ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም፤ በማግስቱ ግን እንደገና ሊቀምስ ይችላል። በሳምንት ሦስትና አራት ቀን፣ በዚያው አቆራረጥና በዚያው አበሳሰል ይቀጥሉ። ዛሬ ቅቅል፣ ነገ ጥብስ፣ ከነገ ወዲያ ሰላጣ ከሆነ ለልጁ ሦስት የተለያዩ ምግቦች ናቸው፤ ቆጠራውም በየቀኑ ከ1 ይጀምራል።

ጉርሻ በቤታችን ፍቅር ነው። ያልለመደውን ምግብ በግድ ሲያጎርሱት ግን ልጁ እጅዎን መጠራጠር ይማራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወደውን ሽሮ እንኳ ሲያጎርሱት እንጀራውን ገልጦ ማየት ይጀምራል። ይህን አሁኑኑ ያቁሙት። ካሮት ፈቅፍቆ ሽሮ ውስጥ መጨመር ለጤናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ተደብቆ የተበላ ካሮት አያላምድም። ካደረጉትም «ዛሬ ሽሮው ካሮት አለው» ብለው ይንገሩት።

ከረሜላውም ጎድቷል። «ካሮት ከበላህ ከረሜላ» የተባለ ልጅ ካሮት ዋጋ የሚከፈልበት መከራ፣ ከረሜላ ደግሞ የድካሙ ደመወዝ እንደሆነ ይረዳል። መሸለም ከፈለጉ የማይበላ ነገር ይሁን፤ በቀመሰ ቁጥር ካላንደሩ ላይ ራሱ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። 15 ምልክት እስኪሞላ አይፍረዱ። ሞልቶም ካልወደደው ካሮትን ለሁለት ወር አቆይተው ወደ ዱባ ይሂዱ።

ሻዩንም ከምግብ ይለዩት። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ በእህልና በአትክልት ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ስኳሩ ደግሞ ረሃቡን ያጠፋበታል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

«የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ በክፍሌ 62 ተማሪዎች አሉ። አዲስ ምግብ የሚቀምሱበት ቀን ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። በጀት የለኝም፤ ልጆቹ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። ባለፈው ዓመት አምስት ዓይነት ምግብ አቅርቤ በሳቅና በጩኸት ተበተነ። ከምን ልጀምር?»
መምህርት፣ ከሐይቅ

አምስቱን ወደ አንድ ከማውረድ ይጀምሩ። በአንድ ቀን አምስት እንግዳ ምግብ ያየ ልጅ አንዱን እንኳ በቅጡ አያስታውስም።

ምግቡ ከመሬት የበቀለ ይሁን። ሥጋ አይግባ፤ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ የተለየ ስለሆነ ግማሹ ክፍል ተመልካች ሆኖ ይቀራል። እንቁላልና ወተትም በረቡዕ፣ በዓርብና በአጽዋማት ሌላውን ግማሽ ያስቀራል። በረመዳን ቀኑን የሚጾሙ ልጆች ስለሚኖሩ ያን ወር ይዝለሉት። የወሎ ልጅ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ በልቶ ያደገ ነውና መቅመሻውም ማንንም የማይለይ መሆን አለበት። ጥሬ ሰላጣና ቲማቲም ደግሞ ውሃው አስተማማኝ ባልሆነበት ትምህርት ቤት አይሞከርም፤ ታይፎይድና አሜባ የሚመጡት በዚህ በኩል ነው። የሚላጥ ወይም የሚበስል ብቻ ያቅርቡ።

እኛ የምንመክርዎት ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ነው። ነጩን ልጆቹ ያውቁታል፣ ብርቱካናማውን ግን ብዙዎቹ አያውቁትም፤ ግማሽ የታወቀ ምግብ ለጀማሪ ምቹ ነው። በቪታሚን ኤ ምንጭነቱም ነጩ አይደርስበትም። ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ ሰሜን ወሎ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል «ብርቱካኔ» የተባለውን ዝርያ አውጥቷልና ዘሩን ለማግኘት የወረዳዎን ግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

ልኩ ይህ ነው፦ ለአንድ ልጅ 20 ግራም፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ያነሰ ቁራጭ ይበቃዋል። ለ62 ልጆች 1,240 ግራም ይሆናል፤ ልጣጩንና የሚበላሸውን ጨምረው 2 ኪሎ ይግዙ። ይህን ያህል ወጪ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ቢሸፈን ይቀላል። ልጆቹን «ከቤት አምጡ» ማለት ግን አይገባም፤ ማምጣት የማይችለው ልጅ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ይቀራል። ድንቹን ሳይልጡና ሳይቆርጡ ይቀቅሉ፤ ተቆርጦ የተቀቀለ ውሃ ይመጥና እጅ ላይ ይፈርሳል። እኩል መጠን ያላቸውን ይምረጡ፣ አለዚያ ትንሹ ሲላሽቅ ትልቁ ልቡ ጥሬ ይሆናል። መካከለኛው ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። ጠዋት ቀቅለው፣ ለብ ሲል ልጠው፣ በዚያው ጠዋት ከእረፍት በፊት ያቅርቡት።

አሁን ወደ ሳቁ እንምጣ። በየክፍሉ ድምፁ የሚሰማ አንድ ወይም ሁለት ልጅ አለ። እሱ «ኤጭ!» ካለ 61ዱ ተከትለውት ይላሉ፤ ያልቀመሱትም ጭምር። ያን ልጅና ሌሎች ሦስት ልጆችን አንድ ቀን አስቀድመው ይጥሩ። ድንቹን ይጠቡ፣ ይላጡ፣ በዚያው ይቅመሱ፤ በማግስቱ ለጓደኞቻቸው የሚያድሉት እነሱ ይሁኑ። በእጁ ያዘጋጀውን ምግብ የሚያንቋሽሽ ልጅ ጥቂት ነው፤ ልጅ ደግሞ ከመምህሩ ይልቅ እኩያውን ያምናል።

ዕለቱ ከእጅ መታጠብ ይጀምራል። አንድ ልጅ ከጆግ በቀጭኑ ካስታጠበ፣ ከሳሙና ጋር፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁሉም ይበቃል። በየዴስኩ ይነሡ እንጂ በአንድ ጊዜ አይሰለፉ። ሁሉም ቁራጩን በእጁ ሲይዝ እርስዎ ፊት ለፊታቸው ይቅመሱ። «እስቲ አሽትቱት። ምን ይመስላል? ስትነክሱት ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁ። «ይጣፍጣል ወይስ አይጣፍጥም?» የሚለው ጥያቄ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ያጯጩኻል፤ «ምን ይመስላል?» ሲባል ግን ልጆች ቃል ይፈልጋሉ፦ ልስልስ፣ ደረቅ፣ ዱባ ዱባ የሚል፣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል የሚመስል። ቃሎቹን ሰሌዳው ላይ ይጻፏቸው። የማይፈልግ ልጅ ይዞት ቢቀመጥ ወይም አሽትቶ ቢመልስ አይጠየቅ፤ ስሙም አይጠራ።

በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ይሥሩ፦ «ነካሁት»፣ «ላስኩት»፣ «ዋጥኩት»። እያንዳንዱ ልጅ በጠመኔ አንድ ነጥብ ያስቀምጥ። «አልወደድኩትም» የሚል ዓምድ አይኑር፤ ሦስቱም እርምጃዎች ናቸውና ተሸናፊ የለም። ቁጥሩን ደብተርዎ ላይ ይመዝግቡ። ከዚያ ይህንኑ ድንች በየሳምንቱ በአንድ ቀን ለ8 ሳምንት ይድገሙት። አንድ ቀን ብቻ ተደርጎ የሚቀር መቅመሻ ብዙም አይለውጥም፤ ለውጡ በነጥቦቹ ላይ መታየት የሚጀምረው በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጥቂት መሬት ካለው ልጆቹ ይትከሉት። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሐረግ ቁራጭ፣ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ገብቶ፣ በመደቡ ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል፤ በመደብና በመደብ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ይተው። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሳይዘጋ የተተከለ ኅዳር ላይ ይደርሳል። ከብት እንዳይገባበት ክረምቱን የሚጠብቅ ሰው ከወዲሁ ይያዝ፤ የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ነው።

«ሴት ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ጎመንና ካሮት እንጨምርላታለን። ማታ ስንከፍተው ይሸታል፤ አትክልቱም እንዳለ ተመልሷል።»
አባት፣ ከኮምቦልቻ

ልጅዎ የተወችው አትክልቱን ላይሆን ይችላል፤ ሽታውንና ርጥበቱን ሊሆን ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የታሸገ ምግብ ቀን 6 ሰዓት እስኪበላ 6 ሰዓት ይቆያል። የበሰለ ምግብ ደግሞ በእናንተ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት የለበትም። ጎመን በተለይ ትኩስ እንዳለ ታፍኖ ሲቆይ ያ የታወቀው ከባድ ሽታው ይወጣል፤ ክፍል ውስጥ ክዳኑን ስትከፍት ጓደኞቿ ፊታቸውን ካዞሩ በሚቀጥለው ቀን አትከፍተውም።

ስለዚህ ጎመኑን ለማታ ያድርጉትና ለትምህርት ቤት የማይበላሸውን ይላኩ፦ ዳቦ ወይም ጭብጦ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ያልተላጠ ብርቱካን፣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ የተላጠ ጥሬ ካሮት። እንቁላል ከተላከ በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ከነልጣጩ ይሂድና በጠዋቱ እረፍት ይበላ። ወጥ የግድ ከሆነ በዚያው ጠዋት የተሠራና ጠበቅ ያለ ይሁን፤ የማታ ትራፊ አይሁን። ሙቀት የሚይዝ ዕቃ ካለዎት እንደፈላ ጨምረው ይዝጉት፤ እንጀራውን ለብቻው ይቋጥሩላት። ተራ የፕላስቲክ ዕቃ ከሆነ ግን ወጥ ባይላክ ይመረጣል፤ ሙቀቱን አይይዝም፣ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ላበት ደግሞ ተመልሶ እየወረደ ምግቡን ያኮመጥጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አዲስ ምግብ በምሳ ዕቃ አይጀመርም። እዚያ አይዞሽ የሚላት የለም፣ ጊዜውም አጭር ነው። ቤት ውስጥ ስድስት ሰባት ጊዜ የቀመሰችው ብቻ ወደ ቦርሳዋ ይግባ።

«የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። የማሽላ እንጀራና የማሾ ወጥ ቤት ውስጥ እየወደደ ይበላል። ትምህርት ቤት ግን ‹ይስቁብኛል፣ ነጭ ዳቦ ግዢልኝ› እያለ ባዶ እጁን ይሄዳል።»
አያት፣ ከመርሳ

እማማ፣ ልጁ ምግብዎን አልጠላም። የጠላው መሳቂያ መሆንን ነው፤ በእሱ ዕድሜ ያ ከረሃብ ይብሳል። በምግቡ ግን አይፈሩ። 100 ግራም ደረቅ ማሾ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ያንኑ ያህል ነጭ ዳቦ 9 ግራም ገደማ ቢኖረው ነው።

መልኩን ይለውጡለት። ማሾውን ወጥ ከማድረግ ይልቅ ንፍሮ ያድርጉት፦ አንድ ሲኒ ማሾ ለቅመው፣ አጥበው፣ ፍሬው ሳይፈርስ እስኪለሰልስ ይቀቅሉ፣ ውሃውን ፍጹም ያጥልሉ፣ ሰፌድ ላይ አስጥተው ያናፍሱት፤ ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ ይነስንሱበት። ንፍሮም የበሰለ ምግብ ነውና በጠዋቱ እረፍት እንዲበላ ይንገሩት። ለእሱ አንድ እፍኝ፣ ለጓደኞቹ ሌላ እፍኝ ይቋጥሩለት። ለጓደኞቹ የሚያካፍል ልጅ አይሳቅበትም፤ ሚጥሚጣ የነካው ንፍሮ ደግሞ ፈላጊ አያጣም። ማሽላውን ለማታ ያቆዩት። ማንጎና ፓፓያ በሚደርስበት ጊዜ አንድ ቁራጭ ማታ ይስጡት፤ አገርዎ የሰጠው ፍሬ ለዓይኑም ለደሙም ይጠቅመዋል።

ይህን ለሚያነቡ መምህራን፦ እባካችሁ የልጆችን ምሳ ዕቃ በክፍል ፊት እየከፈታችሁ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ አይደለም» አትበሉ። ስትሉት የምትመዝኑት የቤተሰቡን ኪስ ነው። የማሽላ ቂጣ በእጃችሁ ይዛችሁ እረፍት ላይ መብላታችሁ ከምክር ይበልጣል።

«6ኛ ክፍል ነኝ። ጠዋት መብላት አያሰኘኝም። እረፍት ላይ ቺፕስና ለስላሳ እገዛለሁ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሴን ያመኛል። ምን ልብላ?»
ተማሪ፣ ከወልድያ

አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ስኳሩ ቶሎ ወደ ደምሽ ይገባል፣ ቶሎም ይወርዳል፤ በባዶ ሆድሽ ስለሆነ ደግሞ ይበረታብሻል። ጠዋት ማኘክ ካላሰኘሽ ጠጪው፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ በጥብጪ፣ ከተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ጨምሪበት። ውሃውን በአንድ ጊዜ አታፍስሺው፤ በሶው እንዳይጓጉል በጥቂቱ እያሸሽ ጨምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ብርጭቆ ይበቃሻል፤ ሆድሽ ጠዋት መብላትን ሲለምድ ራሱ ይጠይቅሻል። ለእረፍት አንድ እፍኝ ቆሎና ውሃ ያዢ። በዚህ ሁሉ ራስሽን ማመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ዓይንሽንና ደምሽን ለመመርመር ከወላጅሽ ጋር ጤና ጣቢያ ሂጂ።

«ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ መጾም ጀምሯል። በጾም ወራት ከሽሮ በቀር የሚበላው የለም፤ ከሳብኝ።»
እናት፣ ከላሊበላ

የጾም ምግብ ድሃ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን ነው የሚጎዳው። በሳምንት ውስጥ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ማሾ ይቀያየሩ፤ የሱፍ ወይም የተልባ ፍትፍት ሁለት ቀን ይግባ። ለሽሮ ልጅ ቀላሉ መንገድ ክክ ነው፤ ጣዕሙ ቅርብ ሆኖ መልኩ ይለያል። ከዚያ ወደ ድፍን ምስር፣ ከዚያ ወደ አዚፋ ይለፉ። አዚፋው ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፤ የሎሚው ቪታሚን ሲ በምስሩ ያለውን ብረት ሰውነቱ እንዲቀበል ያግዘዋል።

ላሊበላም እንደ ደሴ ከፍታ ስለሆነች ድፍን ጥራጥሬ ሳይነከር ቶሎ አይበስልም። ሽምብራና ባቄላ 12 ሰዓት ይነከር፣ የተነከረበት ውሃ ይደፋ። ቀይ ቦሎቄ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ከተነከረ በኋላ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ መፍላት፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መብሰል አለበት። ግማሽ ጥሬ የሆነ ቦሎቄ ኃይለኛ ትውከት ያመጣል፤ ልጅ ደግሞ ያስታወከውን ምግብ ለዓመታት አይነካም።

ሽሮውን ከገበያ የሚገዙ ከሆነ ጓያ እንዳልበዛበት ይጠይቁ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን በሽታ ያመጣል። ነክሮ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

መክሳቱ ከቀጠለ ግን ምግብ ማቀያየር ብቻ አይበቃም። ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመዝኑት፤ የንስሐ አባታችሁንም ያማክሩ፤ የታመመና የደከመ ልጅ እንዳይጾም ሊፈቅዱለት ይችላሉ።

«የ6 ዓመት ልጄ ምግብ አትመርጥም ብለን ደስ ሲለን፣ የግድግዳ አፈር እየላሰች አገኘናት። ይህም መላመድ ነው?»
አባት፣ ከኩታበር

አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። አፈር መብላት ብዙ ጊዜ የደም ማነስና የብረት እጥረት ምልክት ነው፤ ከአፈሩ ጋር የሚገባው የትል እንቁላል ደግሞ እጥረቱን ያባብሰዋል። የደም (ሄሞግሎቢን) እና የሰገራ ምርመራ እንዲደረግላት ይጠይቁ። የብረት እንክብል ወይም ሽሮፕ ያለ ትእዛዝ አይግዙላት፤ ከመጠን ካለፈ ሕፃንን ይመርዛል፤ የታዘዘውንም እጇ በማይደርስበት ያስቀምጡት። አይቅጧት፤ ተቀጥታ የተወች ልጅ ተደብቃ ትልሳለች። የምትልስበትን ቦታ ይሸፍኑት እንጂ በጭቃ ወይም በኖራ አይለስኑት፤ አዲስ ምርጊት ሽታው ይበልጥ ይስባታል።

ሌሎች ወላጆችም እነዚህን ካያችሁ በቤት ሙከራ ጊዜ አታባክኑ፦ ሲመሽ የሚደናቀፍ፣ ዕቃ የሚስት ልጅ (ዳፍንት ሊሆን ይችላል)፤ ሲውጥ የሚታነቅ ወይም የሚያስታውክ ልጅ፤ ክብደቱ የሚቀንስ ልጅ፤ ቀድሞ ይበላቸው የነበሩትን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ የቀሩት ከ10 ያነሱበት ልጅ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በሦስት ቀን ውስጥ የበላውንና የጠጣውን ሁሉ፣ ሻዩን ጨምሮ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።